የውስጥ ከሆነ እኔን ውጭ ለምን አቆመኝ?

«መመሪያ ወርዷል።»

«ከየት?»

«ከላይ።»

«ጃንጥላ ልያዝ?»

የመስኮቷ ልጅ አልሳቀችም። ለሳቅ ገና መመሪያ አልወረደም መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ገጽ ይበቃ የነበረው ማስረጃ ዛሬ ሦስት ሆኗል። ኮፒው በሁለት፣ ፎቶው በአራት፣ እኔ ደግሞ በአንድ እግሬ። «እሺ መመሪያውን ልየው» አልኳት። «የውስጥ ነው፤ ለባለጉዳይ አይታይም» አለችኝ። «የውስጥ ከሆነ እኔን ውጭ ለምን አቆመኝ?»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ሳቅ ግን ማህተም የለውም፤ ባዶ እጄን ወጣሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ፈርቼ አይደለም፤ አንዱን ብጠራ ሌሎቹ ይቀየማሉ።

አማርኛችን ይህን ጉዳይ ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። ሕግ «ይወጣል»፣ መመሪያ «ይወርዳል»፣ ባለጉዳይ ደግሞ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል።

ንዴቴን ይዤ አራት ኪሎ፣ ከባለጀበናዋ በርጩማ ላይ ዘጭ አልኩ። ከዚያ ሆኖ ቀና ላለ ሰው የፓርላማው የሰዓት ማማ ይታየዋል። ሦስት ሰዎች አሉ። አንደኛዋ ባለቤቷ ራሷ ናት፤ ሁላችንም «እታለም» ነው የምንላት። ሁለተኛው ጋሼ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት የጨረሱ፣ ነጋሪት ጋዜጣ እንደ ዳዊት የሚደግሙ ጡረተኛ። ሦስተኛው አብሮ አደጌ ነው፤ ለንደን ከገባ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ለእረፍት የመጣ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ «እዛ እኛ ጋ» ብሎ የሚጀምር። ለንደኔው እንበለው።

ጉዳዬን ነገርኳቸው። ለንደኔው ትከሻውን ነቀነቀ።

«እዛ እኛ ጋ እኮ እንዲህ አይሠራም። ሚኒስትር ደንብ ሲያወጣ ፓርላማ ፊት ማስቀመጥ አለበት።»

«አስቀምጦስ?» አለች እታለም።

«አርባ ቀን ይቆጠራል።»

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «አርባ? እንግዲያው ደንባቸው ወንድ ነው።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ሴት ብትሆን ሰማንያ ነበራ!»

ለንደኔው ክርስትናውን ለንደን ጥሎት አልመጣም፤ ገብቶት ሳቀ። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ። ሕጉ እ.ኤ.አ. የ1946 ነው። ብዙው ደንብ የሚያልፍበት መንገድ እንዲህ ነው፦ ሚኒስትሩ ፈርሞ ያወጣዋል፣ ፓርላማው ዘንድ ያኖረዋል፣ በአርባ ቀን ውስጥ ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱ «ይሻር» ብሎ ከወሰነ ይወድቃል። ማንም ካልተነፈሰ ጸንቶ ይኖራል። ዝምታ ማጽደቅ ነው።

«ይሻር የሚለው ጥያቄ ስሙ ምን መሰላችሁ?» አለ። «ጸሎት! እውነቴን ነው፤ ንጉሡ ደንቡን እንዲሽሩት መማለድ ስለሆነ ስሙ ጸሎት ነው።»

«አርባ ቀን ከነጸሎቱ?» አለች እታለም ፍሙን እያራገበች። «ፓርላማ ነው ገዳም?»

«ጸሎታቸውስ ይሰማል?» ጋሼ ናቸው።

ለንደኔው ጉረኛ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም። ትንሽ ዝም አለና «በሕዝብ በተመረጠው ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው በ1979 ነው» አለ።

እኛም ዝም አልን። እንዲህ ያለ ዝምታ ለቅሶ ቤት እንጂ ጀበና ዙሪያ የለም።

«በምን ጉዳይ ነበር?» አልኩት።

«በላምባ።»

«በምን?»

«በላምባ! በነጭ ጋዝ!» ነገሩ ሐቅ ነው። በዚያ ዓመት መንግሥት የላምባን የችርቻሮ ዋጋ ጣሪያ የሚያነሳ ትእዛዝ አውጥቶ ነበር፤ ጥቅምት ወር ላይ ምክር ቤቱ በጸሎት ጣለው። ከዚያ ወዲህ ግን ስንትና ስንት ሺህ ደንብ አርባውን ጨርሶ በሰላም አለፈ።

«ከላምባው በኋላ መብራት አልጠፋባቸውም ማለት ነው» አለች እታለም።

«ከአርባ ዓመት በላይ ጸሎቱ ያልተሰማለት ሰው እኮ» አልኩ፣ «ጠበል ይቀይራል።»

ለንደኔው ግን ቀጠለ፤ አንዴ እውነት መናገር የጀመረ ሰው አይመለስም። ጸሎቱ እንዲሰማ መጀመሪያ ለክርክር ጊዜ ማግኘት አለበት። የምክር ቤቱን ጊዜ የሚያከፋፍለው ደግሞ በአመዛኙ መንግሥት ነው። ይኸው ደንቡን ያወጣው መንግሥት።

ጋሼ ጭራቸውን ወዘወዙ። «ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሰይጣንን ላስወጣ ስል ቁልፉ ሰይጣኑ ጋ ነው በለኛ!»

ገና አላለቀም። ደንቡ ሥራ ለመጀመር አርባውን አይጠብቅም። ልማዱ ፓርላማ ፊት ከተቀመጠ 21 ቀን እንዲቆይ ነው፤ በ22ኛው ቀን ይነክሳል፣ ጸሎቱ ግን ገና እየተቆጠረ ነው። ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሳ ደመወዝ ይበላል ማለት ነው። ይባስ ብሎ ሁለቱም ምክር ቤቶች ከ4 ቀን በላይ ሲበተኑ ቆጠራው ይቆማል።

«ቆይ፣ እነሱ ለእረፍት ሲወጡ የሕፃኑ ዕድሜ ይቆማል?» አሉ ጋሼ።

«አዎ ጋሼ።»

«እኔንም እዚያ መዝግቡኝ!»

እዚህ ላይ ተረቡን ገታ ላድርግና አንድ ነገር ልመን። ፓርላማ ሁሉን ነገር ራሱ ይጻፍ ማለት አይቻልም። የትኛው መድኃኒት በስንት ሚሊግራም ይሸጥ፣ የትኛው ቅጽ በስንት ገጽ ይሞላ፣ የቱ ክፍያ በስንት ይጨምር እያለ ሲከራከር ቢውል አዋጁ ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ስለዚህ ፓርላማ አጥንቱን ይሰጣል፣ ሥጋውን ሚኒስትሩ ያለብሳል። ችግሩ እዚህ ነው፤ ሰውን የሚነካው አጥንቱ አይደለም፣ ሥጋው ነው። እኔን መስኮት ላይ ያቆመኝ አዋጅ አልነበረም። አዋጁ ምናልባት «ማስረጃ ይቀርባል» ብሎ ነው የተወው። ሦስት ገጽ፣ አራት ፎቶ ያለው ሌላ እጅ ነው።

«ጸሎት ብቻ አይደለም» አለ ለንደኔው፣ ክብሩን ለማስመለስ። «ከበድ ያለው ደንብ ገና በረቂቁ ይመጣል። ፓርላማው አዎ ካላለ አይጸናም።»

«እሺ ማን ያየዋል?»

«ኮሚቴ። አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት የሚሆኑ አባላት ናቸው፤ ቢበዛ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይከራከሩበታል።»

«ቢያንስስ?»

«በደቂቃዎች የሚጨርሱበት ጊዜ አለ።»

«እኔ አቦሉን ሳላፈላ!» አለች እታለም።

«ከተከራከሩ በኋላ ምን ብለው ይወስናሉ?» አልኩት።

«'ኮሚቴው ረቂቁን ተመልክቶታል' ብለው።»

«ጸድቋል ብለው?»

«አይ። ተመልክተነዋል ብለው። ቢቃወሙት እንኳ ረቂቁን አይገድሉትም፤ የመጨረሻው ድምፅ የሚሰጠው በሙሉ ምክር ቤቱ ነው፣ እዚያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክርክር ያልፋል።»

ጋሼ እንባቸውን ጠረጉ፤ የሳቅ ይሁን የጭሱ አላወቅኩም። «ልጄ፣ እኔም ሥጋ ቤቱን በየቀኑ እመለከተዋለሁ። በልተሃል የሚለኝ ግን የለም።»

«እሺ ያልጣማቸውን አንቀጽ ማሻሻል ይችላሉ?»

«ከስንት አንድ ካልሆነ አይችሉም። ወይ እንዳለ መቀበል፣ ወይ እንዳለ መጣል ነው።»

«ሰልባጅ ተራ ነዋ!» አልኩት። «ሱሪው ሰፋ ስትለው ነጋዴው 'ውሰደው ወይ ተወው፣ ማጥበብ የለም' ይልሃል። አንተም በቀበቶ አጥብቀህ ትሄዳለህ። እንግሊዝም በቀበቶ ነው የምትሄደው ማለት ነው።»

ለንደኔው ቡናውን ጨለጠና «ለካ የሄንሪን አልነገርኳችሁም» አለ። ሄንሪ 8ኛ፣ ያ ስድስት ሚስት ያገባው። በ1539 የንጉሡ ዐዋጅ ልክ ፓርላማ እንዳወጣው ሕግ እንዲቆጠር የሚል ሕግ አስወጣ። ሕጉ ንጉሡ በሞተበት በ1547 ተሻረ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ ሚኒስትር በደንብ ብቻ ፓርላማ ያወጣውን ሕግ ራሱን እንዲያሻሽል የሚፈቅድ አንቀጽ ሲገኝ እንግሊዞች «የሄንሪ 8ኛ አንቀጽ» ይሉታል። ልጅ ወላጁን የሚቀጣበት አንቀጽ።

«ስድስት ሚስት የለወጠ ሰው» አለች እታለም፣ «አንድ ሕግ መለወጥ ምን ይከብደዋል?»

ጋሼ ጨመሩ፦ «ሚስቶቹስ አንገታቸው ሄደ። ሕጉስ ምኑ ሄደ?»

«የሁለቱ ነው እንጂ የሁሉም አንገት አልሄደም ጋሼ።»

«ሁለት አንሶህ ነው?»

የኮሮናውን ሲያወራ ግን ለንደኔው ራሱ ጉራውን ረሳ። በ2020 መጋቢት ወር፣ በነሱ አቆጣጠር 25ኛው ቀን ላይ ፓርላማው ለእረፍት ተበተነ። በማግስቱ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ሲል (በኛ ሰባት ሰዓት) ሚኒስትሩ ደንብ ፈረመ፤ ያለ በቂ ምክንያት ከቤት መውጣት ወንጀል ሆነ፤ ደንቡ ወዲያውኑ ሥራ ጀመረ። ረቂቅ የለ፣ 21 ቀን የለ። የበሽታው ነገር አጣዳፊ ስለነበር ሕጉ ራሱ ይህን አቋራጭ ይፈቅዳል፤ ፓርላማው በኋላ ያጸድቀዋል ይላል። የተመረጠው ምክር ቤት ደንቡን ያጸደቀው በነሱው አቆጣጠር በግንቦት 4 ነው። ሕዝቡ ከአንድ ወር በላይ ከታሰረበት በኋላ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ጋሼ።

«ያኔ ታዲያ ማንም አልተቆጣም?»

«አፈ ጉባኤው ራሱ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ መንግሥትን በአደባባይ ገሠጸ፤ ደንብ የምታወጡበት መንገድ ፓርላማውን መናቅ ነው አለ።»

«ውሻው ጮኸ አልኩህ እኮ» አሉ ጋሼ፣ ሁለተኛ ሲኒያቸውን እየተቀበሉ።

ይህን ጉዳይ ብዙ ልገፋበት አልፈልግም፤ በሽታው እዚህም ገብቶ ነበርና የማን እጅ ንጹሕ ነው። የጌቶቹን ነገር ግን መዝለል አልችልም። እንግሊዝ ሁለተኛ ምክር ቤት አላት፤ አባላቱ በምርጫ የሚገቡ አይደሉም፤ «ጌቶች» ይባላሉ። እና ጉድ የሚለው እዚህ ነው፤ ደንብ አንብቦ አልፎ አልፎ «እምቢ» የሚለው ያልተመረጠው ምክር ቤት ነው። በ2007 ትልቅ የቁማር ቤት ለማንቸስተር የሚሰጠውን ትእዛዝ በሦስት ድምፅ ብልጫ ጣሉት።

«የተመረጠው ዝም ሲል ያልተመረጠው ተናገረ» አልኩ።

«ቁማር ስለሆነ ነዋ» አሉ ጋሼ፤ «ጌታ የቁማርን ነገር ከማንም በላይ ያውቃል።»

በ2015 ደግሞ መንግሥት ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ የሚሰጠውን ድጎማ በደንብ ሊቀንስ ሲል ጌቶቹ «መጀመሪያ ይህን ይህን አሟላ» ብለው አዘገዩት። የገንዘብ ሚኒስትሩ በወሩ ቅነሳውን ተወው። እስከዚህ ደስ ይላል። ግን መንግሥት ወዲያው ምን አደረገ? የጌቶቹ ሥልጣን እንዲመረመር አዘዘ።

እታለም ማራገቢያውን ቁጭ አደረገች። «ውሻው ሲጮህ ሌባውን ትተው ውሻውን መረመሩ?»

ከዚህ በኋላ ለንደኔው እጁን ሰጠ። «እሺ፣ የኛ አይረባም። የናንተስ?»

ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኛ ይበልጣል።»

«በምን?»

«እናንተ ያልተሰማ ጸሎት አላችሁ። እኛ ጸሎቱም የለንም።»

እንዲህ ነው ነገሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ላይ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጠ። አንቀጽ 77 ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ተወካዮቹ በሚሰጡት ሥልጣን መሠረት ደንብ ያወጣል አለ። መልካም። ረቂቅ አዋጅ ሲመጣ በቴሌቪዥን እናያለን፤ «ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ ተመርቷል» ይባላል፣ ከዚያ ይመለሳል፣ እጅ ይወጣል፣ «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ይባላል። ግን የአዋጁን ጅራት ማን ያነባል? እዚያ፣ መጨረሻው አካባቢ፣ አንድ የማትጠፋ አንቀጽ አለች፦ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ሊያወጣ ይችላል፣ ሚኒስቴሩ መመሪያ ሊያወጣ ይችላል። ተወካዮቹ ቤቱን ሠርተው፣ ቁልፉን በመስኮት ወርውረው ይሄዳሉ። ደንቡ ሲወጣ ተመልሶ ወደነሱ አይመጣም፤ አርባም የለው፣ ሰማንያም የለው።

«ጊንጥም መርዙ ጅራቱ ላይ ነው» አሉ ጋሼ።

እታለም እስከ አሁን አቦሉን ጨርሳ ቶናውን እየቀዳች ነበር። «እኔ የገባኝ እንዲህ ነው» አለች። «አዋጅ አቦል ነው። ጎረቤት ይጠራበታል፣ ዕጣን ይጤስበታል፣ ቴሌቪዥን ይቀርጸዋል። ደንብ ቶና ነው፤ እነ ሚኒስትር ብቻቸውን ይጠጡታል። መመሪያ በረካ ነው።»

«በረካማ ቀጭን ነው» አላት ለንደኔው።

«የኔ በረካ ይቀጥናል። የመሥሪያ ቤቱ ግን እየወፈረ ይሄዳል። እንቅልፍ የሚነሳውም እሱ ነው።»

እኔ ዓምደኛ ነኝ፣ እሷ ቡና አፍይ ናት፤ ደመወዛችን ቢለዋወጥ ደስ ይለኝ ነበር። ይለዋወጥ ካልኩ ግን ለካ የሷ ይበልጣል፤ እምቢ ትላለች።

«ነጋሪት ጋዜጣስ?» አልኳቸው ጋሼን፤ ልባቸውን ለመንካት ነው።

ነካኋቸው። «ነጋሪት ጋዜጣ በኛ አቆጣጠር በ1934 ነው የተጀመረ። ስሙን አስተውል፤ ነጋሪት! ድሮ ዐዋጅ ሲነገር ከበሮው ይጎሰማል፣ የሰማ ላልሰማ ያሰማል። ወረቀት ሲሆን ስሙን አልለቀቀም። በ1987 የፌዴራሉ ሲቋቋም በአዋጅ ቁጥር 3 ነው የተቋቋመው፤ አዋጁም ደንቡም እዚያ ይታተማል፤ እዚያ የታተመውን ሕግ ማንም 'አላየሁም' ሊል አይችልም። መመሪያ ግን ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አይወጣም።»

«ታዲያ የት ይወጣል?»

«ቴሌግራም ላይ» አልኩ እኔ። ሁላችሁም አይታችሁታል። ጎኑን የዘመመ ፎቶ፤ ማህተሙ ግማሽ፣ ገጽ 2 የለውም፣ የፊርማው ቦታ ላይ የሆነ ሰው አውራ ጣት አርፏል። ነጋሪቱ ተሸጦ አውራ ጣት ተገዛ።

ለንደኔው አሁን ከልቡ አዘነልን። ማዘኑ ጋሼን አናደዳቸው። ተረብ ውስጥ ከንፈር መምጠጥ ክልክል ነው።

«አትዘንልን! እኛም ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 1183/2012።»

«1183?» አለች እታለም። «የእሳት አደጋ ስልክ ነው?»

«ነበር እኮ፤ የሚደውልለት ጠፋ እንጂ!»

የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ይባላል። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ መሥሪያ ቤት መመሪያ ሊያወጣ ሲል ረቂቁን ለሕዝብ ያሳውቅ፣ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ይስጥ፣ የሰማውን ይመዝግብ። መመሪያው ሲጸድቅ ያኔ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሚባለው፣ ዛሬ ፍትሕ ሚኒስቴር በሆነው መሥሪያ ቤት ይመዝገብ፣ ቁጥር ይሰጠው፣ ድረ ገጽ ላይ ይውጣ። ይህ ያልተደረገለት መመሪያ አይጸናም። ቅር ያለው ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ መመሪያው እንዲመረመርለት መጠየቅ ይችላል።

«የውስጥ መመሪያ» የሚባል፣ በባለጉዳይ ላይ የሚተኮስ ግን ለባለጉዳይ የማይታይ ነገር፣ በዚህ አዋጅ ዓይን ጥይት የሌለው ጠመንጃ ነው። ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ መስኮት ላይ ተረብ ወርውሬ ባዶ እጄን የመጣሁት።

«ቆይ» አለ ለንደኔው፣ ዓይኑ ፈጦ። «እናንተ ጋ ረቂቁን የሚያየው ሕዝቡ ነው? እዛ እኛ ጋ እንኳ ሁሉም ረቂቅ ለሕዝብ አይቀርብም!»

«አየህ!» አሉ ጋሼ ተኩራርተው። «እናንተ ጋ ፓርላማ ጸልዮ አይሰማም። እኛ ጋ ፓርላማው አይጸልይም፤ ጸሎቱን ለወረፋ ሰው አስተላልፎታል።»

«የወረፋ ሰው ግን ወረፋ ላይ ነው» አለች እታለም። «ረቂቅ መቼ ያነባል?»

እዚህ ጋ ሁላችንም ትንሽ ታዘብን። ለኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ለንደኖቹ ጸሎታቸው ባይሰማም ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ከወረቀቱ ጋር ለምን እንደወጣ የሚያስረዳ ማብራሪያ ይያያዛል። የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴ ከሥልጣን በላይ የተጻፈውን፣ አረቃቀቁ የተበላሸውን፣ ያልተለመደ ሥልጣን የተጠቀመውን ለቅሞ ሪፖርት ያወጣል። ፖሊሲው ይበጃል አይበጅም የሚለውን ደግሞ የጌቶቹ ሌላ ኮሚቴ ያያል። ሚኒስትሩ ማፈሩ ይቅርና ቢያንስ የሚያነበው ሰው እንዳለ ያውቃል። እኛ ጋ ቋሚ ኮሚቴዎቹ የመሥሪያ ቤቶቹን ሪፖርት ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፤ ግን «ባለፈው በሰጠናችሁ አንቀጽ ስንት መመሪያ ወለዳችሁ? ቁጥራቸውን ቁጠሩልን» ሲባል አልሰማሁም። ልጁን የሰጠ ሰው እኮ ቢያንስ እንዴት አደገ ብሎ ይጠይቃል።

«አንተ ግን» አሉ ጋሼ ወደኔ ዞረው፣ «ይሄን ሁሉ ካወቅክ መስኮቱ ላይ ምን ስትል ዋልክ?»

«ጃንጥላ ልያዝ ብያት ነበር።»

«ቀልድክ። ቀልድ ደግሞ መስኮት አይከፍትም። አንዲት ቃል ነበር የምትበቃህ።»

«ምን የምትል?»

«ቁጥር።»

በማግስቱ ሄድኩ። ሰኔ 27 ነበር። ያችው ልጅ፣ ያው መስኮት።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አልኳት።

«የኔ ስልክ?»

«የመመሪያው። የተመዘገበበት ቁጥር።»

ዓይኖቿን አየሁ፤ ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው የለም። ዞራ ኃላፊዋን ጠራች። እሳቸው ወረቀቱን እንደ ካርታ ተጫዋች ደረታቸው ላይ ለጥፈው መጡ። ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ ነበረ፤ ይህን ያየሁት አጮልቄ ነው። ቁጥር ሲያጡ ሌላ ነገር አነበቡልኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦ «ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ተፈጻሚ ይሆናል!»

«ዛሬ ስንት ነው ጌታዬ?»

ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ። «ሰኔ 27።»

«ታዲያ ሕፃኑ ገና ሳይወለድ ነው ክርስትናውን የበላችሁት?»

ልጅቷ በዚህኛው ሳቀች። ኃላፊው አልሳቁም፤ ግን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ውስጥ ገቡ። ማህተሙ አረፈልኝ፤ አንዷ ገጽ በቃች፣ ፎቶውም ሁለት ሆነ።

ልወጣ ስል ልጅቷ በመስኮቱ ቀዳዳ አንገቷን ብቅ አድርጋ በሹክሹክታ እንዲህ አለችኝ፦

«ሦስት ቀን ቀርቷል። ጉዳይ ያለው ዘመድ ካለዎት ቶሎ ይላኩት።»